«ለሐበሻ ሴት ብቻ»፦ በሜሪላንድ የአንድ ምድር ቤት ኪራይ ማስታወቂያ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በአንድ የኪራይ ማስታወቂያ ምክንያት የተነሣ ጉዳይን ይመዘግባል። የአከራይዋን፣ ቤቱን ፈልጋ ያጣችውን ሴትና ማስታወቂያውን ያተመውን የማኅበረሰብ ጋዜጣ ስም አልጠቅስም። ሦስቱም ጉዳዩ ለሌላው መማሪያ እንዲሆን ፈቅደዋል፤ ስማቸው እንዲነሣ ግን አልፈለጉም። እኔ የገባሁበት በአስተርጓሚነትና በሸምጋይነት ነው። ተመሳሳይ ማስታወቂያ በየገበያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ዛሬም ስለሚለጠፍ፣ የሆነው ሁሉ በቅደም ተከተል ቢጻፍ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መነሻው

በዋሺንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር ሐበሻ ቤት ከገዛ በኋላ ምድር ቤቱን፣ እዚህ ሁሉም ቤዝመንት የሚለውን፣ ማከራየቱ የተለመደ ነው። የባንኩ ዕዳ የሚከፈለው በዚያ ገንዘብ ነው። ለአዲስ መጤውም በረከት ነው። ከአገር ቤት የመጣ ሰው የብድር ታሪክ የለውም፤ ዋስ የለውም፤ የደመወዝ ወረቀቱ ገና የአንድ ወር ነው። ትልልቆቹ የአፓርታማ ድርጅቶች ማመልከቻውን አይተው ይመልሱታል። የሚያስገባው የአገሩ ሰው ብቻ ነው። ይህ መተማመን ብዙ ቤተሰብ ከጎዳና አድኗል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ችግሩ የሚጀምረው መተማመኑ ወደ ማስታወቂያ ቃል ሲቀየር ነው።

አከራይዋ ወሎ ተወልደው ያደጉ፣ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ እናት ናቸው። ምድር ቤቱ የራሱ መግቢያ፣ መታጠቢያና አነስተኛ ወጥ ቤት አለው፤ ከላይኛው ቤት ጋር የሚጋራው ነገር የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ብቻ ነው። ማስታወቂያውን ለጋዜጣው በስልክ ነገሩ፤ ጋዜጣውም እንደነገሩት አተመው፦

«የሚከራይ ቤዝመንት። ለሐበሻ ሴት ብቻ። ልጅ የሌላት። ኦርቶዶክስ ብትሆን ይመረጣል። ከባስ አጠገብ።»

ከመጀመሪያው ሐረግ ሌላ ስለ ቤቱ የሚናገረው የመጨረሻው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ስለ ተከራይዋ ማንነት ነው።

ምን ተፈጠረ

የደወለችው ሴት በአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ሆና የምትሠራ፣ ሙስሊም፣ የአንዲት ትንሽ ልጅ እናት ናት። ማስታወቂያውን አንብባ ነበር፤ «ይመረጣል» የሚለው ቃል በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም ብላ ደወለች። ንግግሩ አጭር ነበር። «ስምሽ ማን ነው ልጄ?» ተባለች፤ ተናገረች። ትንሽ ዝምታ ሆነ። «ልጅ አለሽ?» «አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ እናቴ።» «ውይ፣ ቤቱ እኮ ተይዟል፤ አዝናለሁ።»

በሚቀጥለው ወር ጋዜጣ ያው ማስታወቂያ ቃሉ ሳይለወጥ ወጣ። እርሷም ሁለቱን ጋዜጦች ይዛ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ሄደች። አልጮኸችም። ሁለቱን ገጾች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ፣ «ይህን ስታትሙ እኔን አስባችሁ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ነው የተጠራሁት።

የጋዜጣው ኃላፊ የመጀመሪያ መልስ ብዙዎቻችን የምንሰጠው ነው፤ ማስታወቂያው የአከራይዋ ነው፣ እኛ አታሚ እንጂ ባለቤት አይደለንም፤ ደግሞስ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ የሚያስገባውን ቢመርጥ ምን አለበት? ሁለቱም ክርክሮች አሳማኝ ይመስላሉ። ሁለቱም ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ፣ በፍርድ ቤት ተነሥተው ወድቀዋል።

ሕጉ የሚለው

የፌዴራሉ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ የተፈረመው ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ እ.ኤ.አ. አፕሪል 11 ቀን 1968 ነው። መጀመሪያ በዘር፣ በቆዳ ቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር አድልዎን ከለከለ። በ1974 ጾታ፣ በ1988 ደግሞ አካል ጉዳተኝነትና የቤተሰብ ሁኔታ ተጨመሩ። የቤተሰብ ሁኔታ ማለት በዋናነት ከ18 ዓመት በታች ልጅ ያለው ቤተሰብ ማለት ነው። የሜሪላንድ ሕግ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2020 ጀምሮ የገቢ ምንጭን ስለጨመረ፣ «ቫውቸር»፣ ማለትም የመንግሥት የኪራይ ድጋፍ፣ «አንቀበልም» ብሎ መጻፍም አይቻልም።

የፌዴራሉ ሕግ ለትንንሽ አከራዮች አንድ ቀዳዳ ትቷል። ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት፣ ከአራት ቤተሰብ በላይ የማይዝ ቤት ከአብዛኞቹ ክልከላዎች ነፃ ነው። የእኛ ሰዎች ይህን ከሰሙ በኋላ «እኔን አይመለከተኝም» ብለው ያርፋሉ። ነገር ግን ነፃነቱ ማስታወቂያን አይጨምርም። ዘርን፣ ሃይማኖትን፣ የትውልድ አገርን ወይም የቤተሰብን ሁኔታ መሠረት ያደረገ ምርጫ የሚያሳይ ማስታወቂያ ማውጣት፣ ማተምም ሆነ እንዲታተም ማድረግ ለማንም አይፈቀድም። ከዚህም ሌላ በ1866 የወጣው የዜጎች መብት ሕግ አለ። በዘር ምክንያት ቤት መከልከልን በተመለከተ ለትንሽ አከራይ ብሎ የተወው ቀዳዳ የለም።

በሜሪላንድ የወደቀው ክርክር ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የሚታተም ኩሪየር የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ የምድር ቤት ኪራይ ማስታወቂያ አወጣ፤ ቤቱ «የነጭ መኖሪያ» እንደሆነ ይናገር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት አሳታሚውን ከሰሰ። ዩናይትድ ስቴትስ በሐንተር ላይ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ክስ በ1972 በአራተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ ክልከላው ጋዜጦችንም እንደሚይዝ፣ የፕሬስ ነፃነት መከላከያ እንደማይሆን፣ አከራዩ በራሱ ምርጫ ነፃ ቢሆን እንኳ ማስታወቂያው ነፃ እንደማይሆን ገለጸ። የማስታወቂያው ትርጉም የሚለካውም አከራዩ በልቡ ባሰበው ሳይሆን ተራ አንባቢ በሚረዳው ነው።

ይህን ለጋዜጣው ኃላፊ ስንነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ቤት ምድር ቤት ነበር፤ የእኛም ምድር ቤት ነው። ያ አታሚ የአካባቢ ጋዜጣ ነበር፤ የእኛም የአካባቢ ጋዜጣ ነው። ያኔ በሩ የተዘጋው በእኛ መልክ ባሉ ሰዎች ላይ ነበር። ዛሬ ሐበሻ በሚኖርባቸው በብዙዎቹ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሰፈሮች የቤት ውሎች ላይ፣ ጥቁር ሰው እንዳይገዛና እንዳይኖር የሚከለክል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው አንቀጽ በፍርድ ቤት ሊጸና አይችልም ያለው በ1948 ነው። ያ አንቀጽ ባይሻር ኖሮ አከራይዋም ያንን ቤት ባልገዙት ነበር።

የጾታው ነገር ለየት ይላል። ሰዎች መኖሪያውን ሲጋሩ፣ ማለትም ወጥ ቤት፣ መታጠቢያና ሳሎን አንድ ሲሆን፣ የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ጾታን በማስታወቂያ መጥቀስን ይፈቅዳል። አንዲት ሴት በምትኖርበት አፓርታማ ውስጥ አንዱን ክፍል ለሴት ብቻ ብላ ማስታወቅ ትችላለች። ይህች ምድር ቤት ግን የራሷ በርና የራሷ ወጥ ቤት ያላት ስለሆነች በዚያ ፈቃድ ለመጠለል አስቸጋሪ ነው።

አከራይዋ ጋ የተደረገው ንግግር

ወደ አከራይዋ ስንሄድ የጠበቀን ቁጣ ነበር። «እኔ ማንን ጠላሁ? ደሴ ላይ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ቡና ስጠጣ ነው ያደግሁት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሕጉን እያነበብን ብንከራከራቸው ኖሮ ንግግሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የጋዜጣው ሰው ስለ ቅጣት መናገር ሲጀምር ፊታቸው ሲዘጋ አየሁ። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ አነሣን፦ «እትዬ፣ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው? ተከራይ ቢገባ ምን ይሆናል ብለው ይፈራሉ?»

መጀመሪያ የመጣው መልስ የምግብ ነገር ነበር፤ የጾም ድስት፣ የሥጋ ነገር። ግን ወጥ ቤቱ ለየብቻ ነው፤ ይህን ራሳቸው ተናግረው ራሳቸው ተዉት። ቀጥሎ ልጆች መጡ፤ ሌሊት ይሮጣሉ፣ እንቅልፍ ይነሳሉ። ቀጥሎም ሽታው። ቅቤ ሲነጠር፣ በርበሬ ሲታመስ፣ ዕጣን ሲጨስ ሌላ አገር ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ ይከስሰኛል የሚል ስጋት። ከዚያ በታች ደግሞ ቋንቋ ነበር። ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ኪራይ ቢዘገይ፣ በእንግሊዝኛ ተከራክሬ አልችልም አሉ።

የመጨረሻውን የተናገሩት ቡናው ሁለተኛ ከተቀዳ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ምድር ቤቱ የካውንቲው የኪራይ ፈቃድ የለውም። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ማንኛውም የሚከራይ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። «የአገሬ ሰው ከሆነ አይጠቁመኝም» ነበር ስሌቱ። እዚህ ላይ ጉዳዩ በሙሉ ተገለጠልኝ። «ለሐበሻ ብቻ» ከሚሉት ማስታወቂያዎች ስንቶቹ በሥራቸው ይህን ፍርሃት እንደያዙ መገመት አያስቸግርም። የሚጎዳው ደግሞ ያው የአገር ሰው ነው፤ ፈቃድ በሌለው ቤት ውስጥ ያለ ተከራይ ማሞቂያው ሲበላሽ፣ ግድግዳው ሲሻግት፣ ለማን ይጮሃል?

የተወሰዱት እርምጃዎች

የድሮው ማስታወቂያ ወዲያው ከጋዜጣው ተነሣ። አዲሱን ከአከራይዋ ጋር ሆነን፣ የነገሩንን ስጋት አንድ በአንድ ወደ ቤት ደንብና ወደ ቤት መግለጫ እየለወጥን ጻፍነው። የልጆች ጩኸት ፍርሃት የምሽት ጸጥታ ሰዓት ሆነ፤ ይህ ልጅ ላለውም ለሌለውም እኩል ይሠራል። የሰው ብዛት ፍርሃት ለአንድ መኝታ ክፍል የሚበቃ የሰው ቁጥር ሆነ፤ እናትና ልጅ በዚህ ቁጥር ውስጥ ይገባሉ። የኪራይ መዘግየት ፍርሃት የገቢ ማረጋገጫ ሆነ። የቋንቋው ፍርሃት በሁለት ቋንቋ የሚፈረም ውል ሆነ። ሽታውን በተመለከተ ደግሞ እውነቱን መናገር በቂ ነበር። የቤቶች መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው መመሪያ፣ በይሁዲ ሥርዓት የተዘጋጀ ምግብ ይገኛል ወይም ሕንጻው ጸሎት ቤት አለው ብሎ ማስታወቅ ቤቱንና አገልግሎቱን መግለጽ እንጂ ሰው መምረጥ እንዳልሆነ ገልጿል። በዚያው መንገድ ሄድን፦

«በሲልቨር ስፕሪንግ የሚከራይ ምድር ቤት። አንድ መኝታ ክፍል፣ የራሱ መግቢያ፣ መታጠቢያና አነስተኛ ወጥ ቤት አለው፤ ቢበዛ ለሁለት ሰው። ከአውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ። ውኃና መብራት በኪራዩ ይታሰባል። ሲጋራ አይጨስም። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ይጠበቃል። ባለቤቷ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ቡና ይቆላሉ፣ ቅቤ ይነጥራሉ፣ ዕጣን ያጨሳሉ። የገቢ ማረጋገጫ ይጠየቃል። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይፈረማል።»

አከራይዋ የዕጣኑን ዐረፍተ ነገር ሲሰሙ መጀመሪያ አፈሩ፤ ቆይተው «ይኸው ነው የፈለግሁት» አሉ። የማይስማማው ሰው ራሱ ይቀራል፤ የሚስማማው ከየትም አገር ይምጣ ይገባል።

ማስታወቂያው ግን ወዲያው አልታተመም። ፈቃዱ መቅደም ነበረበት። ተቆጣጣሪው መጥቶ የመኝታ ክፍሉ መስኮት በእሳት ጊዜ ሰው ለማስወጣት ጠባብ ነው አለ። መስኮቱን ማስፋት ግድግዳ መቁረጥና ውጭውን መቆፈር ነው፤ ርካሽ አይደለም። ቤቱ ለወራት ባዶ ቆመ። ልጃቸው ብድር ባትወስድ ኖሮ አከራይዋ ተስፋ ቆርጠው ነበር።

ጋዜጣው በበኩሉ ማስታወቂያ በስልክ መቀበሉን ትቶ ቅጽ አዘጋጀ። ቅጹ ስለ ቤቱ ብቻ ይጠይቃል፤ ስንት ክፍል፣ የት፣ ስንት ብር፣ ምን ይጨምራል፣ የቤቱ ደንብ ምንድን ነው። «ተከራዩ ማን ይሁን» የሚል መስመር የለውም። ማስታወቂያውም ከአማርኛው ጎን በአጭር እንግሊዝኛ እንዲታተም ተወሰነ። በአማርኛ መጻፍ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሆኖም ማስታወቂያው ለማን ይታያል የሚለው ጥያቄ ከቃሉ ያነሰ አይደለም። ፌስቡክ እንኳ ተከስሶ በ2019 ባደረገው ስምምነት፣ የቤት ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ተመልካቹን በዕድሜ፣ በጾታና በዚፕ ኮድ መምረጥ እንዳይችል አድርጓል።

ለተበደለችው ሴት አከራይዋ በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቁ፣ ጋዜጣውም ጠየቀ። ለካውንቲው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ የማቅረብ መብቷ እንደተጠበቀ፣ ይቅርታውን መቀበሏም መብቷን እንደማይነካ በግልጽ ነገርናት። ለጊዜው አላቀረበችም።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ የበለጠ የሠራው «የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጋዜጣው አሁን ለየአስተዋዋቂው ያንኑ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ተከራይ ጸጥተኛና ከፋይ ነው፤ ይህን የሚጽፍበት ቃል ስላላገኘ ነው በዘርና በሃይማኖት የሚገልጸው። ቃሉን ስንሰጠው ይወስደዋል። ቅጹም ሠርቷል።

የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር አልሠራም። ጋዜጣው መጀመሪያ «ሐበሻ»፣ «ኦርቶዶክስ»፣ «ሙስሊም»፣ «ጴንጤ»፣ «ልጅ የሌላት» የሚሉትን ብቻ እየሰረዘ ያትም ነበር። በሁለተኛው እትም «ለጸሎት ሰው የሚሆን ቤት»፣ «ለወገን»፣ «ለጨዋ ላጤ» የሚሉ መጡ። የአንድ ክልል ወይም የአንድ ከተማ ስም ጠቅሶ «የእዚያ ልጅ ቢሆን» የሚልም መጣ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ያሳዘነኝ ነው። ሐበሻ ከሌላው ተለይቶ ሳይበቃ፣ ሐበሻው እርስ በርሱ በብሔር መለያየቱን ባሕር አሻግሮ ይዞት መጣ ማለት ነው። ቃል መሰረዝ ሐሳቡን አይሰርዝም፤ አዲስ ልብስ ያለብሰዋል እንጂ።

በገጹ ግርጌ በትንሽ ፊደል የታተመው የሕግ ማስጠንቀቂያም እምብዛም አልጠቀመም። ያነበቡት ፈሩ፤ የፈሩት ደግሞ ማስታወቂያቸውን ወደ ቴሌግራም ቡድኖች ወሰዱት። የጋዜጣው የማስታወቂያ ገቢ ቀነሰ። ብዙዎች በቴሌግራም የተጻፈ አይያዝም ብለው ያስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቺካጎ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሬግስሊስት የተባለው የማስታወቂያ ድረ ገጽ ሌሎች ሰዎች በለጠፉት ማስታወቂያ እንደ አታሚ አይጠየቅም ማለቱ እውነት ነው። ያ ውሳኔ የሚጠብቀው ግን መድረኩን እንጂ ለጣፊውን አይደለም። ማስታወቂያውን የጻፈው አከራይ በወረቀትም በስልክም ተጠያቂ ነው።

ያልተካሰ ነገርም አለ። ቤት ያጣችው እናት ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ቤቱ ቀርቦላት ነበር። በዚያን ጊዜ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከሥራዋ ርቃ ተከራይታ፣ ልጇን እዚያው ትምህርት ቤት አስገብታ ነበርና እምቢ አለች። ሁለት አውቶቡስ እየቀየረች ሥራ ትሄዳለች። ይቅርታው ያንን መንገድ አላሳጠረውም።

ምድር ቤቱ በመጨረሻ የተከራየው በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ አንድ ወጣት ነው። ሐበሻ ነው፤ ግን ወንድ ነው፣ በድሮው ማስታወቂያ ሊደውል እንኳ የማይችል ነበር። አከራይዋ ኪራዩ ሳይዘገይ እንደሚከፈላቸው ይናገራሉ።

ሌላ ቦታ የሚያገለግል

ማስታወቂያ የምትጽፉ አከራዮች ሆይ፣ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ይህ ስለ ቤቴ ነው ወይስ ስለሚገባው ሰው ማንነት?» ብላችሁ ፈትሹት። ስለ ማንነት ከሆነ አውጡትና ከሥሩ ያለውን ስጋት ፈልጉ። ስጋቱ እውነተኛ ከሆነ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ደንብ ይወጣዋል። ደንብ የማይወጣው ስጋት ከሆነ ግን ማስታወቂያ ላይም ሆነ ልብ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም። በስልክ የምትጠይቁትም ከምትጽፉት አይለይ። ስም ሰምቶ «ተይዟል» ማለት በጋዜጣ ከመጻፍ ያነሰ በደል አይደለም። ለደወለ ሁሉ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ቅደም ተከተል ጠይቁ፣ መልሱንም መዝግቡ፤ ነገ ጥያቄ ቢነሣ የሚጠቅማችሁ እርሱ ነው።

ጋዜጣ ለምታትሙ፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የመረዳጃ ማኅበር ማስታወቂያ ሰሌዳ ለምትቆጣጠሩ፣ ቅጹን ውሰዱት። ቃላት ከመሰረዝ በፊት ስልክ አንሡና ጠይቁ። የፈቃዱንም ነገር አብራችሁ አንሡ፤ አከራዩ ወደ ካውንቲው የሚሄድበትን መንገድ የሚያሳየው ሰው ካገኘ ግማሹ ፍርሃት ይወርዳል።

የተከለከለ ሰው ደግሞ ማስታወቂያውን ቆርጦ ወይም በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ ቀኑን፣ የደወለበትን ሰዓትና የተባለውን ቃል ወዲያው ይጻፍ። ለፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ በደሉ ከደረሰ በኋላ አንድ ዓመት ነው፤ በቀጥታ በፍርድ ቤት ለመክሰስ ሁለት ዓመት። አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም። እንግሊዝኛ የማይችል ሰውም አስተርጓሚ ይኖር እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።